ምስጢር በፊደል ገበታ፦ መቆለፍና መፍታት ለጀማሪዎች

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሚሌ አቅጣጫ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «አርባ ወራጅ አለ?» ሲል ለመንገዱ እንግዳ የሆነ ሰው ግራ ይገባዋል። አርባ ብር ነው? አርባ ሰው ነው? የአዋሽ አርባ ልጅ ግን ወዲያው «አለ!» ብሎ ቦርሳውን ያነሳል። ልጆችን ስለ ምስጢር ጽሑፍ ሳስተምር የምነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው። አንድ ቃል ለሚያውቀው ቦታ፣ ለማያውቀው ተራ ቁጥር ከሆነ ያ ቃል ኮድ ሆኗል። ልጆቹ ይህ ነገር ከሩቅ የመጣ ጥበብ ሳይሆን በየቀኑ አፋቸው ላይ ያለ መሆኑ ከገባቸው ግማሹ ሥራ አለቀ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለመምህራን፣ ለወላጆችና ታናናሾቻቸውን አንድ ቁም ነገር ለማስተማር ለሚፈልጉ ወጣቶች ነው። ተማሪው ፊደል የቆጠረ፣ መደመርና መቀነስ የሚችል ከሆነ ይበቃል። ኮምፒውተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ማርከር፣ መቀስና ባለ መስመር ደብተር ነው። ጊዜው ጠዋት ይሁን። በአዋሽ አርባ ከሰዓት በኋላ ባለው ሙቀት ልጅን ሠላሳ ሦስት ቤት ቁጠር ማለት ግፍ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በእጃችን የሚገባው የማስተማሪያ ጽሑፍ ሁሉ ማለት ይቻላል በሮማዊው ዩልዮስ ቄሳር ይጀምርና የላቲን ፊደላትን ሦስት ሦስት እርምጃ ያስኬዳል። እኔም መጀመሪያ ያስተማርኩት እንደዚያው ነበር። ልጆቹ ስሌቱን ቻሉት፤ ለጓደኛቸው ሊልኩት የፈለጉትን ግን መቆለፍ አልቻሉም፤ የሚጽፉት በአማርኛ ነውና። የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ በለጠፍኩ ዕለት ክፍሉ ተለወጠ። የእኛ ገበታ ለዚህ ትምህርት ከላቲኑ የተሻለ መሣሪያ ነው። የላቲኑ ፊደል በአንድ መስመር የተሰለፈ ነው፤ የእኛው ግን ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል። ስለዚህ ከፊደላችን ይጀምሩ።

ከዚያ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለዩላቸው። ኮድ ማለት አንድን ሙሉ ቃል ወይም ምልክት በስምምነት ለሌላ ነገር መስጠት ነው። የከባድ መኪና ሹፌሮች በመብራት ብልጭታ የሚነጋገሩት ኮድ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የምስጢር አነጋገሮች ባሳተመው መጽሐፍ የአዝማሪዎችንና የነጋዴዎችን ቋንቋ መዝግቧል፤ አዝማሪው ሰው ፊት ቆሞ ለባልደረባው የሚለውን ሌላው ሳይገባው ያስተላልፋል። መቆለፍ ግን ከዚህ ይለያል። ቃሉን ሳይሆን ፊደሉን አንድ በአንድ በሕግ ይለውጣል። ልጆች «የወፍ ቋንቋ» የሚሉት ወደዚህ ይጠጋል፤ ከእያንዳንዱ ፊደል ኋላ የ«ዘ»ን ቤት በዚያው ድምፅ ያስገቡና «ሰላም» የሚለውን «ሰዘላዛምዝ» ይሉታል። ሕጉን ያወቀ ሁሉ ይፈታዋል። የጎደለው ቁልፍ ነው፤ ትምህርታችንም ቁልፍ ፍለጋ ነው።

ገበታውን ይሥሩ

ካርቶኑ ላይ ፊደሉን በተለመደው በሀለሐመ ቅደም ተከተል ይጻፉና ቤቶቹን ከ1 እስከ 33 ቁጥር ይስጧቸው። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ሀ 1፣ ለ 2፣ ሐ 3፣ መ 4፣ ሠ 5፣ ረ 6፣ ሰ 7፣ ሸ 8፣ ቀ 9፣ በ 10፣ ተ 11፣ ቸ 12፣ ኀ 13፣ ነ 14፣ ኘ 15፣ አ 16፣ ከ 17፣ ኸ 18፣ ወ 19፣ ዐ 20፣ ዘ 21፣ ዠ 22፣ የ 23፣ ደ 24፣ ጀ 25፣ ገ 26፣ ጠ 27፣ ጨ 28፣ ጰ 29፣ ጸ 30፣ ፀ 31፣ ፈ 32፣ ፐ 33። ከላይ ደግሞ ድምፆቹን ከ1 እስከ 7 ይጻፉ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። ሠላሳ ሦስት በሰባት 231 ፊደል ነው። «ቨ»ን ለጊዜው ይተዉት። እንደ ቷና ቋ ያሉ ዲቃላ ፊደላት ሲያጋጥሙ «ትዋ»፣ «ቁዋ» ተብለው ተዘርዝረው ይጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በገበታው ላይ ግን የየራሳቸው ቤት አላቸው። ላኪው በ«ሠ» የቆለፈውን ተቀባዩ በ«ሰ» ቢገለብጠው መልእክቱ ይበላሻል። ስለዚህ ሲገለብጡ በዓይን እንጂ በጆሮ አይገልብጡ። ይህ የፊደላችን ድርብነት በኋላ ትልቅ ጥቅም እንደሚሰጠን ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

የመጀመሪያው ቁልፍ፦ ወደ ጎን

እያንዳንዱን ፊደል በዚያው ቤት ወደ ሚቀጥለው ድምፅ ያሻግሩት። ግዕዙ ካዕብ፣ ካዕቡ ሣልስ ይሆናል፤ ሳብዑ ዞሮ ግዕዝ ላይ ይመጣል። «አዋሽ አርባ» በዚህ ሕግ «ኡዌሾ ኡሮቤ» ይሆናል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ከዚያ ስማቸውን ይቆልፉ፤ ወረቀቱን ይለዋወጡና ይፍቱ።

አሁን ይጠይቋቸው፦ ይህን ለመስበር ስንት ቁልፍ መሞከር አለብን? መልሱ ስድስት ነው፤ ሰባተኛው ወደ ነበረበት ይመልሰዋልና። ከዚህ የሚከፋው ሌላ ድክመት ግን አለ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስደው ይቆዩ። ሰሌዳው ላይ ቁልፉን ሳይናገሩ «መኖጊዴ» ብለው ይጻፉ። ጥቂት ዝም ካሉ አንዱ ልጅ «መንገዱ!» ይላል። እንዴት አወቀ? የአማርኛ ቃል ሥጋው ተነባቢው ስለሆነ ነው። መ፣ ነ፣ ገ፣ ደ በቅደም ተከተል ከታዩ ድምፁ ቢዘበራረቅም ሥሩ ይታያል። ድምፁን ብቻ የሚደብቅ ቁልፍ በአማርኛ ምንም አይደብቅም። መደበቅ ያለበት ቤቱ ነው።

«መኖጊዴ»ን እንዴት እንደቆለፍኩት ልብ ይበሉ። የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ተውኩት፤ ሁለተኛውን አንድ፣ ሦስተኛውን ሁለት፣ አራተኛውን ሦስት ድምፅ አሻገርኩት። ይህን አካሄድ የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። ፊደል በአበገደ ቅደም ተከተል ሲቆጠር «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይባላል፤ እያንዳንዱ ቤት ከፊተኛው አንድ ድምፅ ይቀድማል። አቡጊዳ የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው። ጀርመናዊው መነኩሴ ትሪቴሚዩስ በ1518 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ያቀረበው ዝነኛ ሰንጠረዥ የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ በየፊደሉ አንድ እርምጃ ይጨምራል። የእኛ ሕፃናት ለቁልፍነት ባይሆንም ያንኑ እርምጃ በቃላቸው ሲያዜሙት ኖረዋል።

ሁለተኛው ቁልፍ፦ ወደ ታች

አሁን ድምፁን እንዳለ ይተዉና ቤቱን ያሻግሩ። ቁልፉ 3 ይሁን። አ 16 ነበር፤ 19 ላይ ወ አለ። ዋ ከ19 ወደ 22 ሲሄድ ራብዕነቱን ይዞ ዣ ይሆናል። ሽ ከ8 ወደ 11 ሲሄድ ት ይሆናል። «አዋሽ» ተቆልፎ «ወዣት» ሆነ።

ቁጥሩ ከ33 ሲያልፍ ምን ይደረግ? «ጠዋት»ን በ7 እንቆልፍ። ጠ 27 ነው፤ ሰባት ሲጨመር 34 ይሆናል፤ 33ን እንጥላለን፤ 1 ይቀራል፤ ሀ። ዋ 26 ላይ ጋ ይሆናል፤ ት 18 ላይ ኽ። «ሀጋኽ»። ይህን የመጣል ስሌት ልጆቹ ከሰዓት ያውቁታል፤ ከአሥር ሰዓት አምስት ሰዓት ቆይቶ ሦስት ሰዓት እንጂ አሥራ አምስት ሰዓት አይባልም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ደግሞ «መግደፍ» ይሉታል። የ2018 ዓ.ም.ን ወንበር ለማግኘት 5500 ተጨምሮ 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ነው። ዛሬ ባንክና ስልክን የሚቆልፈው ሒሳብም በትልልቅ ቁጥር የሚሠራ መግደፍ ነው። ይህን ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ሒሳብ ለምን እንደሚማሩ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ቤትንም ድምፅንም ባንድ ላይ ማሻገር ይቻላል። በቤት 3፣ በድምፅ 1 ቢሆን «አዋሽ» «ዉዤቶ» ይሆናል። ያለው ቁልፍ 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው፤ ምንም የማይለውጠው አንዱ ሲቀነስ 230። በላቲኑ ፊደል የቄሳር ቁልፍ ግን 25 ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸው ኩራት ተገቢ ነው፤ አያቀዝቅዙት።

አሁን ይስበሩት

ከዚህ በፊት ያለው መግቢያ ነበር። መቆለፍ ብቻ የተማረ ልጅ ቁልፉ ጠንካራ ይመስለዋል፤ ሲሰበር ያየ ልጅ ብቻ ያስተውላል። ስለዚህ ለመቆለፍ አንድ ቀን ከሰጡ ለመስበር ሁለት ቀን ይስጡ።

ሰሌዳው ላይ ይህን ይጻፉ፦ «ተዝፐፁ ጭፕ ዘግ።» ቤቱ ብቻ እንደተሻገረና ቁልፉ አንድ ቁጥር እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ቁጥሩን ግን አይንገሯቸው። ቢበዛ 32 ሙከራ ነው፤ ተካፍለው ቢሞክሩት ይደረስበታል። ግን የተሻለ መንገድ አለ። «ከአራት ነጥብ በፊት በአማርኛ ምን ይመጣል?» ብለው ይጠይቁ። ግሥ ይመጣል። ሁለት ፊደል ብቻ ያለው፣ የመጀመሪያው ግዕዝ፣ ሁለተኛው ሳድስ የሆነ፣ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ ቃልስ? «ነው»።

እንፈትሸው። ነ 14፣ ው 19 ነው፤ በመካከላቸው 5 እርምጃ አለ። «ዘግ»ን እንይ፤ ዘ 21፣ ግ 26። 5 እርምጃ! ግምቱ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ከ14 እስከ 21 ደግሞ 7 ነው፤ ቁልፉ ተገኘ። አሁን ከእያንዳንዱ ቤት 7 ይቀንሱ። ተ 4 ላይ መ፣ ዝ 14 ላይ ን፣ ፐ 26 ላይ ገ፣ ፁ 24 ላይ ዱ። «መንገዱ ዝግ ነው።» ልጆቹ ለጅቡቲ መንገድ ቅርብ ናቸው፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ሰው እንደሚያስጨንቅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ዘዴ ባለሙያዎች የታወቀ ቃል መገመት ይሉታል። አማርኛ ለገማች ብዙ በር ይከፍታል። ቃላት በየ፣ በበ፣ በለ፣ በከ፣ በእ ይጀምራሉ፤ በን፣ በው፣ በም፣ በት፣ በች ይጨርሳሉ። «ስብሰባ»፣ «ምርመራ» የመሰለ ተደጋጋሚ ቃል ሲቆለፍም ድግግሞሹ አይጠፋም። ሰላምታና ማዕረግም እንዲሁ ነው። ደብዳቤ ሁሉ «ይድረስ ለ» እያለ የሚጀምር ከሆነ ሰባሪው ሥራውን በነፃ አገኘ። ስለዚህ ምስጢር ሲጽፉ ያለ ሰላምታ ይጻፉ።

ቀጥሎ 33 ቁራጭ ካርቶን ላይ ቤቶቹን ጽፈው ባርኔጣ ውስጥ ያደባልቁ፤ አንድ በአንድ እያወጡ ከገበታው ጎን ይደርድሩ። አሁን ቁልፉ አንድ ቁጥር አይደለም፤ ሙሉ ድርድሩ ነው። ሊኖሩ የሚችሉት ድርድሮች ብዛት 37 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ሁሉንም ሞክሮ የሚጨርስ ሰው የለም። ታዲያ አይሰበርም? ይሰበራል፤ ያውም በደብተርና በእርሳስ።

መንገዱን ያሳየው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሊቅ አል ኪንዲ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በማንኛውም ቋንቋ አንዳንድ ፊደላት ይበዛሉ፣ አንዳንዶቹ ያንሳሉ፤ ልብስ ቢለውጡም ብዛታቸው አይለወጥም። ልጆቹ ይህን እንዲያምኑ አይለምኗቸው፤ ያስቆጥሯቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ አንድ አንቀጽ ይስጡና የ200 ፊደል ቤትና ድምፅ በጭረት ይመዝግብ። ከድምፅ ሳድስ ጎልቶ ይወጣል። ከቤት ነ፣ ተ፣ ለ፣ መ፣ አ፣ የ፣ በ፣ ረ፣ ወ ከፊት ይሰለፋሉ፤ ጰ፣ ፐና ዠ ጭራ ላይ ናቸው። የሁሉም ልጅ ቆጠራ ተቀራራቢ ሆኖ ሲገኝ ክፍሉ ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ወድጄዋለሁ፤ ልጅ ሒሳብን በዓይኑ ያየበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የተደባለቀውን ጽሑፍ ይስጧቸው፤ ቢያንስ ስድስት ሰባት መስመር ይሁን፤ አጭር ጽሑፍ አይቆጠርም። የበዛውን ቤት ከበዛው ጋር እያጣመሩ፣ «ነው»ንና «የ»ን እየፈለጉ ይገባሉ።

አፋርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች ካሉ፣ በአዋሽ አርባም በሰመራም አሉ፣ በራሳቸው ቋንቋ እንዲሠሩ ያድርጉ። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ረጅም አናባቢ ሲሆን ፊደሉ ይደጋገማል። ይህ ድርብ አናባቢ ለሰባሪው እንደ «ነው» ያለ መግቢያ ነው። የየቋንቋውን ደካማ ጎን ራሳቸው ፈልገው ያግኙት።

ይህ ለምን ያሳስበናል?

አዛውንቶች ባሉበት ይህን ክፍል ማስተማር ደስ ይላል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ሲዋጉ ከግንባር በሬዲዮ የሚላኩ መልእክቶች በኢጣሊያኖች እየተጠለፉ ይነበቡ ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ ስለ ጦርነቱ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አልደበቀም። ማይጨው የተሸነፍነው በዚህ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ አይሮፕላኑና የመርዝ ጋዙ ነበሩ። ሆኖም ጠላት የጦር መሪን ሐሳብ አስቀድሞ ሲያነብ የሚሞተው ወታደር ቁጥር ይጨምራል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በእንግሊዝ አገር ብሌችሊ ፓርክና በካይሮ የተቀመጡ የእንግሊዝ ባለሙያዎች በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የኢጣሊያ ጦር የሚጽፈውን ምስጢር እየፈቱ ያነብቡ ነበር። የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ሲገሠግሥ ኢጣሊያኖች በአዋሽ ላይ ያለውን ድልድይ አፍርሰው አፈገፈጉ። ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ልጆቹ ያንን የአዋሽ ገደል ያውቁታል። ድልድይ ማፍረስ ጠላትን ለቀናት ያዘገያል፤ የተሰበረ ቁልፍ ግን በየቀኑ ያስበላል። ይህን ገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ማስተማር ከመጽሐፍ ይበልጣል።

ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ የቋንቋ መምህር በ1883 እ.ኤ.አ. ከዚህ የሚያድን መርሕ ጽፏል፦ ዘዴህ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ አትጎዳ፤ ምስጢሩ ቁልፉ ውስጥ ብቻ ይሁን። ለልጆቹ እንዲህ አድርገው ይንገሯቸው፦ የበር መቆለፊያ በየሱቁ ይሸጣል፤ ሌባም ገዝቶ ሊመረምረው ይችላል፤ ቤትዎን የሚጠብቀው በኪስዎ ያለው ቁልፍ ነው። «ዘዴዬን ማንም አያውቀውም» የሚል ልጅ የወፍ ቋንቋ ላይ ቆሟል።

ሦስተኛው ቁልፍ፦ ቃል

ቁልፉ አንድ ቁጥር ሲሆን በቀላሉ ተሰበረ። አሁን ቁልፉ ቃል ይሁን። «አዋሽ»ን እንውሰድ፤ ቤቶቹ 16፣ 19፣ 8 ናቸው። «ነገ ና» የሚለውን እንቆልፍ። ለመጀመሪያው ፊደል 16፣ ለሁለተኛው 19፣ ለሦስተኛው 8 እንጨምራለን፤ መልእክቱ ቢረዝም ከ16 እንደገና እንጀምራለን። ነ 14 ሲደመር 16፣ 30 ላይ ጸ። ገ 26 ሲደመር 19፣ 45፤ 33 ሲገደፍ 12 ላይ ቸ። ና 14 ሲደመር 8፣ 22 ላይ ዣ። «ጸቸ ዣ»። እዚህ ያለውን ቁም ነገር ያሳዩአቸው፦ ነ እና ና የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ፤ አሁን አንዱ በጸ፣ ሌላው በዠ ቤት ነው። የአል ኪንዲ ቆጠራ ተደናገረ።

ይህ ዓይነቱ ቁልፍ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን የማይሰበር ይባል ነበር። የፕሩሲያው መኮንን ካሲስኪ በ1863 እ.ኤ.አ. መስበሪያውን አሳተመ። በተቆለፈው ጽሑፍ ውስጥ የሚደጋገሙ ቁርጥራጮችን ይፈልጋል፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይቆጥራል፤ ርቀቶቹን አንድ ላይ የሚያካፍለው ቁጥር የቁልፉን ርዝመት ይጠቁመዋል። ለጀማሪ ሐሳቡን ማወቅ ይበቃል፤ የሚወዱት ራሳቸው ይገቡበታል።

ቁልፉ እንደ መልእክቱ ከረዘመስ? በዕጣ ቢወጣስ? ከአንድ ጊዜ በላይ ባይሠራበትስ? ያን ጊዜ፣ ድምፁም እንደ ቤቱ በዕጣ ከተሻገረ፣ ሊሰበር አይችልም፤ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አረጋግጦታል። በክፍል ለማሳየት ከባርኔጣው አንድ ካርቶን ያውጡ፣ ቁጥሩን ይመዝግቡ፣ ይመልሱ፣ ያደባልቁ፣ እንደገና ያውጡ፤ ለድምፁም ከ1 እስከ 7 በተጻፈባቸው ካርቶኖች እንዲሁ ያድርጉ። ሁለት ልጆች ይህን የቁጥር ዝርዝር በእጅ ይከፋፈሉ። ከተጠቀሙበት በኋላ ይቅደዱት። ሁለት ጊዜ ከተጠቀሙበት ጠንካራነቱ ይፈርሳል፤ ስንፍና የሰበረው ቁልፍ ዕውቀት ከሰበረው ሳይበልጥ አይቀርም።

ሳይታይ መጻፍ

ስለ ፊደላችን ድርብነት ቃል ገብቼ ነበር። «ሰላም» እና «ሠላም»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሐይ»፤ በየቀኑ ሁሉም ተጽፈው እናያቸዋለን፤ የሚጠረጥር የለም። እንግዲህ በሰ መጻፍ «0»፣ በሠ መጻፍ «1» ይሁን። አምስት ምርጫ አንድ ፊደልን ይወስናል፤ ሁለት አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 32 ነውና። ቤቶቻችን 33 ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ስናጣምር ግን 28 ይቀራሉ፤ ይበቃል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ሐሳብ በሁለት ዓይነት የፊደል ቅርጽ አቅርቦ ነበር፤ እኛ ቅርጽ መፍጠር አያሻንም፤ ፊደላችን ውስጥ አለልን።

ልጆቹ ስለ ጤና፣ ስለ ዘመድ የሚጠይቅ ተራ ደብዳቤ ጽፈው በውስጡ አንድ ቃል እንዲደብቁ ያድርጉ። ይህ ከቅኔ ሰምና ወርቅ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። ቅኔ በዕውቀት ይፈታል፤ የበሰለ ጆሮ ያለው ሁሉ ወርቁን እንዲያገኝ ተብሎ የተሠራ ነው። ምስጢር ጽሑፍ ግን ሊቅም ይሁን ማይም ቁልፍ ለሌለው እንዳይከፈት ነው።

የላከው ማን ነው?

አንድ ትምህርት ይቀራል፤ መጻሕፍቱ ወደ ኋላ የሚያደርጉት፣ እኔ ግን አዋሽ አርባ ላይ በቀላሉ የማስተምረው። መልእክቱ ተፈታ፤ ተነበበ። ግን ከማን መጣ? አፋሮች በዳጉ ይህን መልሰውታል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ያየኸው ነው የሰማኸው? ከማን ሰማህ? ይባባላሉ። ውሸት ያስተላለፈ በጎሣው ፊት ይዋረዳል። ዳጉ ምስጢር አይደለም፤ ለሁሉም ክፍት ነው። ጥንካሬው ምንጩን በመመርመሩ ላይ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ቁልፍ ሰርቀው በሌላው ስም የሐሰት መልእክት እንዲልኩ አንድ ቀን ይፍቀዱላቸው። የተታለለው ልጅ «ከአንተ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሁለቱ አስቀድመው የተስማሙበት፣ በእያንዳንዱ መልእክት መጨረሻ የሚጨመር የምስክር ቃል ይሥሩ።

ይህ ከወረቀት ወጥቶ ቤታቸው ይገባል። አባታቸው በቴሌብር ገንዘብ ይቀበላል፤ እናታቸው ስልክ ላይ የምስጢር ቁጥር አላት። አንድ ሰው ደውሎ «ከመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ሲል ማንም ሒሳብ አልሰበረም፤ ቁልፉን ከባለቤቱ እጅ ሊወስድ ነው። የስልኩ ቁልፍ ጠንካራ ነው። የሚሰበረው ሰው ነው። እባክዎ ትምህርቱን ሲጨርሱ ልጆቹ ይህን ለእናታቸውና ለአባታቸው እንዲያስረዱ የቤት ሥራ ይስጧቸው፤ የምስጢር ቁጥር ለማንም፣ ለልጅም ቢሆን፣ በስልክ አይነገርም።

ገበታውን ከሠሩ ይህን ራስዎ ይፍቱት። ቤቱ ብቻ ነው የተሻገረው፤ ቁልፉ አንድ ቁጥር ነው፤ ከአራት ነጥቡ በፊት ያለውን ቃል መጀመሪያ ይዩት።

«ውዥወዣፅ ረፃይ ገፅ።»